በ1,100 ዩሮ ስምንት ከተማ?

የምክር ዓምድ

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሀዋሳ የምኖር የ29 ዓመት ነርስ ነኝ። ፍራንክፈርት ያለችው ታላቅ እህቴ የጥሪ ደብዳቤ ልካልኝ የጀርመን ቪዛ አግኝቻለሁ። ከሜይ 18 እስከ ጁን 5፣ 2026 ድረስ ዐሥራ ስምንት ሌሊት አለኝ። የአውሮፕላን ትኬት ገና አልቆረጥኩም፣ የትኬቱ ገንዘብ ለብቻው ተቀምጧል። ለቀረው ሁሉ በእጄ ያለው 1,100 ዩሮ ነው። ፓሪስን፣ አምስተርዳምን፣ ብራሰልስን፣ በርሊንን፣ ፕራግን፣ ቪየናን፣ ቬኒስንና ሮምን ማየት እፈልጋለሁ። ለንደን የአክስቴ ልጅ ስላለች ሁለት ቀን ደርሼ ብመለስስ? ጾመ ሐዋርያትም መንገድ ላይ ይገባብኛል። ሰው ሁሉ ፎቶ ከሚነሳበት ቦታ ሌላ ለየት ያለ ነገር ባይ ደስ ይለኛል፤ ግን ገንዘቤ መሐል መንገድ ላይ እንዳያልቅብኝ ፈራሁ። — መንገደኛዋ»

መልስ፦ ውድ መንገደኛዋ፣

ለንደንን እርሺው። እንግሊዝ ሼንገን፣ ማለትም በአንድ ቪዛ የሚዞሩባቸው የአውሮፓ ሀገሮች ስብስብ፣ ውስጥ የለችም፤ የራሷን ቪዛ ትጠይቃለች። ከዚያም በላይ ፓስፖርትሽ ላይ የተለጠፈውን ቪዛ አውጥተሽ ተመልከቺው፤ የመግቢያ ብዛት በሚለው ቦታ «01» ተጽፎ ታገኛለሽ። የአውሮፓ ኅብረት በኤፕሪል 2024 በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ ደንቡን ሲያጠብቅ ደጋግሞ የሚያስገባውን ቪዛ አስቀርቷል። አንዴ ከሼንገን ከወጣሽ ቪዛው አለቀ ማለት ነው፤ ካርቶንሽ ፍራንክፈርት፣ አንቺ ለንደን ትቀሪያለሽ።

ቪዛውን በእጅሽ እንደያዝሽ የቆይታ ቀናት የሚለውንም ቁጥር እዪ። የሚቆጠረው ቀን እንጂ ሌሊት አይደለም። የገባሽበትም የወጣሽበትም ቀን ስለሚቆጠር ያንቺ 18 ሌሊት 19 ቀን ነው። ቁጥሩ 19 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደህና ነሽ። ልክ 19 ከሆነ ግን የመመለሻ በረራሽ ከእኩለ ሌሊት በፊት መሆኑን አረጋግጪ፤ እኩለ ሌሊት ካለፈ ሃያኛው ቀን ገባ።

አሁን ወደ ከተሞቹ። ስምንቱን ወደ አራት አውርጂው። አውሮፓ ውስጥ ገንዘብ የሚያልቀው ከከተማ ውስጥ ይልቅ በከተሞች መካከል ነው። ከተማ መቀየር ማለት የአውቶቡስ ትኬት ብቻ አይደለም። ወደ መናኸሪያ መሄጃ አለ፣ ከመናኸሪያ ወደ ማደሪያ መድረሻ አለ፣ አልጋው እስኪለቀቅ ሻንጣ ማስቀመጫ አለ፣ ሲርብሽ ባቡር ጣቢያ ውስጥ በእጥፍ ዋጋ የምትገዢው ሳንድዊች አለ፤ ግማሽ ቀንም ይበላል። ይህን ስምንት ጊዜ ብትደጋግሚው ከጉዞሽ በደንብ የምታስታውሺው መናኸሪያ ይሆናል።

የምንመክርሽ መስመር ይህ ነው፦ ፍራንክፈርት 9 ሌሊት፣ ፕራግ 3፣ ቪየና 3፣ አንድ ሌሊት ባቡር ላይ፣ ሮም 2። ፓሪስንና አምስተርዳምን ያስቀረነው አልጋቸው ውድ ስለሆነ ነው። ጀርመን 9 ሌሊት ማደርሽም የእህት ናፍቆት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቪዛውን የሰጠሽ ጀርመን ስለሆነ ዋናው ቆይታሽ እዚያ መሆን አለበት። ድንበር ላይ የሚጠይቅ ቢመጣ የጥሪ ደብዳቤውን፣ የጉዞ መድኅኑንና የማደሪያ ማረጋገጫዎችን በወረቀት አሳዪ። ጀርመን ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በሁሉም የየብስ ድንበሮቿ ፍተሻ መልሳለችና ፓስፖርትሽ አውቶቡስ ውስጥም ከእጅ ቦርሳሽ አይለይ፤ ታች ከሚገባው ሻንጣ ውስጥ እንዳታስቀምጪው።

ትኬትሽን መግቢያ ፍራንክፈርት፣ መውጫ ሮም አድርገሽ ቁረጪ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሁለቱም ጋ ይበራል። ስትፈልጊ «ደርሶ መልስ» የሚለውን ትተሽ የተለያዩ ከተሞች የሚለውን ምርጫ ተጠቀሚ። ከተራው ደርሶ መልስ እስከ 100 ዩሮ ቢበልጥ እንኳ ያዋጣሻል። ከሮም ወደ ፍራንክፈርት በርካሽ አውሮፕላን እመለሳለሁ ብትዪ 25 ዩሮ ያየሽው ትኬት በ25 አያልቅምና። በነፃ የሚፈቀድልሽ መቀመጫ ስር የምትገባ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ናት፤ 40 በ30 በ20 ሴንቲ ሜትር ያህል። ቦርሳሽ ካለፈ በር ላይ የሚያስከፍሉሽ ከትኬቱ ሊበልጥ ይችላል። «ፍራንክፈርት ሃን» የሚባለው አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ ስሙ ነው እንጂ ከፍራንክፈርት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው አውቶቡስ ሲጠብቅ ነው።

የዚህ ምክር ጉድለት ሻንጣ ነው። ከሮም ከወጣሽ ትልቅ ሻንጣ ሦስት ሀገር መጎተት አትችይም። ስለዚህ ለእህትሽ የሚሄደው ሁሉ በካርቶን ይሁን፤ ካርቶኑ እዚያው ይቀራል። ያንቺ ልብስ በአንድ የጀርባ ቦርሳ፣ ከ8 ኪሎ ሳይበልጥ። ካርቶኑ ውስጥ በርበሬና ሽሮ ችግር የለባቸውም። ቅቤ፣ አይብ፣ ቋንጣና ዶሮ ወጥ ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ በመንገደኛ ሻንጣ እንዳይገቡ የተከለከሉ ናቸው፤ ጉምሩክ ካገኘው ይጥለዋል፣ መቀጮም ሊኖረው ይችላል። «ለእህቴ ነው» የሚለው አይሰማም። የቅቤው ነገር ያሳዝናል፤ ግን ከእነ ጣሳው ሲጣል ከማየት ሀዋሳ መተው ይሻላል።

ጀርመን ስትገቢ ትልቁ ቁጠባሽ ዶይችላንድ ቲኬት ነው። በወር 63 ዩሮ ሲሆን በመላ ጀርመን የአካባቢ ባቡሮችን፣ የከተማ ባቡሮችን፣ ትራሞችንና አውቶቡሶችን ያሳፍራል። ፈጣን ባቡሮች ላይ ግን አያገለግልም፤ «አይ-ሲ-ኢ» ላይ ብትገኚ ትኬት እንደሌለሽ ነሽ። «አር-ኢ»፣ «አር-ቢ» እና «ኤስ» የሚል ካየሽ ተሳፈሪ። ወጥመዱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ትኬቱ የሚሠራው በፈረንጅ ወር ከ1 እስከ ወሩ መጨረሻ ነው፣ በየወሩም ራሱን ያድሳል። በአብዛኞቹ ሻጮች ዘንድ እስከ ወሩ 10 ድረስ ካልተሰረዘ የሚቀጥለው ወር ሒሳብ ይቆረጣል። ሜይ 18 ደርሰሽ ብትገዢው የመሰረዣው ቀን አልፏልና ጁንንም ትከፍያለሽ። እህትሽ ከአሁኑ ሜይን ትዘዝልሽ፤ ከሜይ 10 በፊት ትሰርዘው። ቢሰረዝም እስከ ሜይ 31 ይሠራል። ትኬቱ በፓስፖርትሽ ስም፣ ክፍያው ከእህትሽ የባንክ ሒሳብ ስለሚሆን ለሌላ ሰው ማዘዝ የሚፈቅድ ሻጭ ትምረጥ።

በዚህ ትኬት ጠዋት ወጥተሽ ማታ የምትመለሺባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው፤ ሁለቱን አትለፊያቸው። አንደኛው ኮሎኝ ነው። ከማይንዝ ወደ ኮብሌንዝ የሚሄደውን የአካባቢ ባቡር ይዘሽ በቀኝ በኩል በመስኮት ተቀመጪ፤ ራይን ወንዝ ከነግንቦቹ አብሮሽ ይሄዳል። ለዚህ እይታ በመርከብ የሚሄዱት ደህና ገንዘብ ይከፍላሉ። ኮሎኝ ካቴድራል ውስጥ ከመንበሩ ጀርባ ያለው ትልቁ የወርቅ ሣጥን የሰብአ ሰገል ዐፅም ያረፈበት ነው ተብሎ ይታመናል፤ ከሚላኖ የመጣው በ1164 ነው። ማማው ላይ መውጣት ከፈለግሽ ደረጃው 533 ነው፣ ሊፍት የለውም። ሁለተኛው ሃይድልበርግ ነው። እዚያ ያለውን ቤተ መንግሥት ሁሉም ያያል። አንቺ የዩኒቨርሲቲውን የተማሪዎች እስር ቤት ፈልጊ። እስከ 1914 ድረስ የሰከረና ሰፈር የረበሸ ተማሪ የሚታሰርበት ነበር፤ ግድግዳውና ጣሪያው ታሳሪዎቹ በሣሉት የራሳቸው ምስልና ግጥም ተሞልቷል። መታሰሩን እንደ ክብር ይቆጥሩት እንደነበር ከሥዕሉ ያስታውቃል።

ሜይ 24 እሁድ ነው፣ በማግስቱ ሰኞ ደግሞ የጰራቅሊጦስ በዓል ስለሆነ ጀርመን ውስጥ ሱቅ ሁለት ቀን ሙሉ ይዘጋል። ቅዳሜ ሸምቱ። የምትጠጪበትን የፕላስቲክ ጠርሙስና ጣሳ አትጣይ፤ ስትገዢው 25 ሳንቲም መያዣ ከፍለሻል፣ ሱፐርማርኬት በር ላይ ያለው ማሽን ይመልስልሻል። ሲም ካርድ እህትሽ ሱፐርማርኬት በ10 ዩሮ ገደማ ገዝታ በስሟ ታስመዝግብልሽ። የጀርመን ሲም ቼክም፣ ኦስትሪያም፣ ጣልያንም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሠራል።

ከመነሳትሽ በፊት ስለ ሰዓት አንድ ነገር። የፈረንጅ ቀን የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። «ሐሙስ 00:30» የሚል አውቶቡስ እኛ ረቡዕ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል የምንለው ነው። ሐሙስ ማታ መናኸሪያ ብትሄጂ አውቶቡሱ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው፣ ገንዘብም አይመለስም። ስልክሽን በ24 ሰዓት አቆጣጠር አድርጊው።

ከፍራንክፈርት ፕራግ ቀጥታ የሚሄደው አውቶቡስ 7 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የቀኑን ምረጪ፤ የሌሊቱ ንጋት ላይ ያወርድሽና አልጋው እስከ ከሰዓት አይሰጥሽም። የማደሪያ ነገር ከተነሳ፦ ሆስተል ስትይዢ የሴቶች ብቻ ክፍል የሚለውን ምረጪ፣ ከቤትሽ ትንሽ ጓጉንቸርና ፎጣ ያዢ። ሣጥኑን በነፃ ይሰጡሻል፣ ቁልፉንና ፎጣውን ግን ያከራያሉ። ማእድ ቤት ያለው ሆስተል በቀን 10 ዩሮ ያተርፍልሻል። በብዙ ከተሞች የአዳር ግብር የሚባለው በተያዘው ዋጋ ውስጥ ስለማይገባ እዚያው ስትደርሺ ትጠየቂያለሽ፤ አጭበረበሩኝ ብለሽ አትጣዪ።

ፕራግ ዩሮ የላትም፤ መገበያያዋ ኮሩና ነው። አንድ ዩሮ ከ24 እስከ 25 ኮሩና ይመነዘራል። አሮጌው አደባባይ ዙሪያ «ያለ ኮሚሽን» የሚል ትልቅ ጽሑፍ የለጠፉ ሱቆች አሉ። ኮሚሽኑን ትተው ምንዛሪው ላይ ይበሉሻል። ገንዘቡን ከመስጠትሽ በፊት «100 ዩሮ ስንት ኮሩና ይሆናል?» ብለሽ ቁጥሩን በካልኩሌተር እንዲያሳዩሽ አድርጊ። ከ2,350 በታች ከሆነ ዙሪና ውጪ። ተታልለሽ ከመነዘርሽም አልዘገየም፤ ከኤፕሪል 2019 ጀምሮ በቼክ ሕግ እስከ 1,000 ዩሮ የሚደርስ ምንዛሪን በሦስት ሰዓት ውስጥ ደረሰኙን ይዘሽ መሰረዝ ትችያለሽ። ደረሰኙን ግን አትጣይው። የጉዞ ካርድ ካለሽ ኤቲኤም ወይም የሱቅ ማሽን «በዩሮ ይቁረጥ ወይስ በኮሩና?» ሲልሽ ሁልጊዜ በሀገሩ ገንዘብ በይ፤ በዩሮ ካልሽ ምንዛሪውን የሚወስነው ማሽኑ ነው።

የፕራግ ልዩ ነገሮች አብዛኞቹ በነፃ ናቸው። ከቻርልስ ድልድይ በታች ማላ ስትራና በሚባለው ሰፈር ከመጥበቡ የተነሳ ሁለት ሰው የማይተላለፍበት መተላለፊያ አለ፤ የእግረኛ ትራፊክ መብራት ተተክሎለታል። ቀይ ሲሆን ከታች ሰው እየመጣ ነው። ከገበያ አዳራሽ ጀርባ ደግሞ በ42 ተደራራቢ ብረት የተሠራው የደራሲው የካፍካ ጭንቅላት አለ፤ ንብርብሮቹ እየተሽከረከሩ ፊቱ ይበተንና ተመልሶ ይገጥማል። በ1410 የተሠራውን የአደባባይ ሰዓት ግን ሙሉ ሰዓት ሲሞላ የሚያየው ሕዝብ ቀና ሲል ኪስ አውላቂ ዝቅ ይላል። ቦርሳሽን ወደ ፊት አዙሪ።

ፕራግ–ቪየና በባቡር 4 ሰዓት ያህል ነው፤ ቀደም ብለሽ ከያዝሽ ከ20 ዩሮ በታች ይገኛል። ቪየና የምትደርሺው ቅዳሜ ሜይ 30 ነው። ባቡርሽ የጠዋቱ ይሁን፤ ኦስትሪያ ሱቅ ቅዳሜ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ይዘጋና እስከ ሰኞ አይከፈትም። እንደደረስሽ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ቲማቲም፣ የታሸገ ሽምብራ ግዢ። ውኃ አትግዢ፤ የቪየና የቧንቧ ውኃ ከ1873 ጀምሮ ከአልፕስ ተራሮች ምንጭ የሚመጣ ነው።

ጾሙ ሰኞ ጁን 1 እዚያው ይገባል። «ቬጋን» የሚለው ቃል በጀርመንኛም በቼክኛም ያው ነው፣ በጣልያንኛ «ቬጋኖ» ይሆናል፤ ሥጋም ወተትም እንቁላልም የለበትም ማለት ነው። «ቬጀቴሪያን» ቢሉሽ ግን አይብና ቅቤ አለበት። ፈላፍል በየቦታው ታገኛለሽ፣ የእርጎ ሶሱን አስቀሪ። ሮም ላይ «ፒዛ ማሪናራ» ብለሽ እዘዢ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ኦሬጋኖ ብቻ ነው። እኛ የጾም ፒዛ የምንለው እዚያ ጥንትም ያለ ነው።

የቪየና ኦፔራ ቤት ለሀብታም ብቻ ይመስላል። የመቆሚያ ቦታ ግን ከ20 ዩሮ በታች ይሸጣል፣ ትዕይንቱ ባለበት ዕለት ከጠዋቱ 4 ሰዓት (10:00) ጀምሮ። ሠርተሽ እግርሽ የለመደ ነርስ ስለሆንሽ ሦስት ሰዓት መቆም አይገድሽም። ትኬትሽ ላይ የተወሰነ የቦታ ቁጥር ከሌለ ቀድመሽ ግቢና ፊትሽ ባለው ብረት ላይ ሻርፕ እሰሪበት። ያ ያንቺ ቦታ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ አስረሽ ወጥተሽ ቡና መጠጣት ትችያለሽ። ነጠላሽን ብታስሪበትም ያው ነው። የግጥሙ ትርጉም የሚወጣባት ትንሽ ስክሪን መቆሚያውም ላይ አለች።

እሁድ ሱቁ ሁሉ ሲዘጋ ካርልስፕላትዝ ያለው የከተማዋ ሙዚየም ክፍት ነው፤ ቋሚ ትርኢቱ በነፃ ነው። ከዚያ 71 ቁጥር ትራም ይዘሽ ማዕከላዊ መቃብር ሂጂ። እንደ ሰፊ ደን ነው፤ ቤትሆቨንና ብራምስ እዚያ ናቸው፣ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ተቀብሮበታል። ቪየናዎች ሰው ሲሞት «71ን ያዘ» ይላሉ። ትራም ላይ ትኬትሽ የማኅተም ቦታ ካለው እንደተሳፈርሽ ውስጥ ባለው ማሽን አስመቺው። ትኬት ገዝቶ ያላስመታ ሰው እንዳልገዛ ይቆጠራል፣ መቀጮው ከ100 ዩሮ በላይ ነው።

ማክሰኞ ማታ ወደ ሮም የሌሊት ባቡር ያዢ። ወንበር ርካሽ ነው፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ አትተኚም፤ በማግስቱ ሮምን በእንቅልፍ ልብ ታያታለሽ። ተደራራቢ አልጋ ያለውን ክፍል፣ የሴቶች የሚለውን መርጠሽ ቁረጪ፤ ቁርስ አለው፣ የአንድ አዳር ሒሳብም ይተካል። እንዲህ ያሉ ባቡሮች ሌሊት ተከፍለው ግማሹ ሌላ ከተማ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ትክክለኛው ባቡር ላይ መውጣት አይበቃም፤ የፉርጎው ቁጥር ከትኬትሽ ጋር አንድ መሆን አለበት።

ገንዘቡን እንደምድመው፤ ግምት ነው። የመንገዱ ሁሉ፦ ዶይችላንድ ቲኬት 63፣ አውቶቡስ 40፣ የፕራግ–ቪየና ባቡር 20፣ የሌሊት ባቡር 90፣ ሮም ወደ አውሮፕላን ማረፊያ 8፤ ጠቅላላው 221 ዩሮ። አልጋ ፕራግ በ25፣ ቪየና በ35፣ ሮም በ40 ብንይዘው 260። ምግብ ከእህትሽ ጋር ሳለሽ በቀን 10፣ ከወጣሽ በኋላ በቀን 25፤ 315። የከተማ ትራንስፖርትና መግቢያ 130። በጠቅላላው 926 ይመጣል። የሚተርፈውን 174 ለሁለት ከፍለሽ አንዱን ጫማሽ ውስጥ፣ አንዱን ቦርሳሽ ውስጥ አድርጊና እንደሌለ ቁጠሪው። የአልጋውንና የባቡሩን ክፍያ እህትሽ በካርዷ ከአሁኑ ትጨርስ፤ ሜይ መጨረሻ ላይ የሚገዛ ሰው ይህን ዋጋ አያገኝም።

ሮም ስትደርሺ ወደ ዋናው ባቡር ጣቢያ ወደ ቴርሚኒ ሂጂ። ፊት ለፊቱ ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣልያን ወታደሮች ናቸው። በእግር ጥቂት ደቂቃ ላይ መታሰቢያቸው የሆነው የግብፅ ሐውልት ቆሟል። በጣልያን ወረራ ዘመን ከአዲስ አበባ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ የቆመው እዚህ ነበር፣ ዘርዓይ ደረስም እ.ኤ.አ. በ1938 ሰይፉን የመዘዘው እዚሁ ነው። አንበሳው ዛሬ ለገሃር ነው ያለው። መግቢያ የለው፣ ሰልፍ የለው፤ የሮም አስጎብኚዎችም እዚህ ብዙ አይቆሙም።

ውኃ በየመንገዱ ያለማቋረጥ ይፈሳል። «ናሶኒ»፣ ማለትም ትልልቅ አፍንጫዎች፣ የሚባሉ 2,500 ያህል የብረት ቧንቧዎች አሉ። ጫፉን በጣትሽ ድፈኚው፤ ከላይ ባለችው ቀዳዳ ውኃው ወደ አፍሽ ይዘላል። ቡና ቆመሽ ጠጪ፤ ያው ስኒ ወንበር ላይ ሲሆን እጥፍና ከዚያ በላይ ሊያስከፍል ይችላል። ማኪያቶ ብትዪ የኛን አትጠብቂ፤ በትንሽ ስኒ ወተት ጠብ ያለባት ቡና ናት። ጾምም ላይ ስለሆንሽ ያለ ወተት «ካፌ» በይና ጨርሺው። አቬንቲኖ ኮረብታ ላይ የማልታ ፈረሰኞች በር አለ፤ በቁልፉ ቀዳዳ ስታዪ የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት በዛፎች መካከል ልክ ገብቶ ይታያል። ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ራሱ ሐሙስ በጠዋት ሂጂ፤ ረቡዕ ጠዋት ጳጳሱ ሕዝብ የሚቀበሉበት ነው። መግቢያው ነፃ ነው፣ ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት። በወሩ የመጀመሪያና የመጨረሻ እሁድ ሙዚየሞች በነፃ ይከፈታሉ ሲሉሽ ትሰሚያለሽ፤ ያንቺ ቀኖች ላይ አይውልምና ለዚያ ብለሽ መስመርሽን አታናጊ።

ዓርብ ወደ ፊዩሚቺኖ ስትሄጂ ከቴርሚኒ የሚነሳው ፈጣን ባቡር 14 ዩሮ ነው። ከኦስቲየንሴ ወይም ከትራስቴቬሬ «ኤፍ-ኤል-1» የሚባለው የአካባቢ ባቡር በ8 ዩሮ እዚያው ያደርስሻል። የወረቀት ትኬት ከሆነ ባቡሩ ላይ ሳትወጪ መድረኩ ላይ ባለው ማሽን አስመቺው።